ቆጣሪዋ

ዓይን ዓቭዳት በር ላይ፣ ከገደሉ ግርጌ፣
ሰው እቆጥራለሁኝ፣ ጣቴን ቀጭ አድርጌ።
አንድ ሲገባ ቀጭ፣ አንድ ሲገባ ቀጭ፣
ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አልልም እኔ ቁጭ።
ሦስት መቶ ሲሞላ ሰንሰለት እስባለሁ፣
«ምንጩ ትንፋሽ ይሰብስብ፣ ጠብቁ» እላለሁ።
አንዳንዱ ያኮርፋል፣ አንዳንዱ ይሰድባል፣
አንዱ «የማን ውሃ ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

የማን እንደሆነ እኔ መች አጣሁት፣
ጠዋት በጭቃው ዳር ዱካውን ያየሁት።
ያዔል ይሉታል እዚህ፤ እኔስ ዋልያ አልሁት።

ከዚህ ሥራ በፊት ሙት ባሕር ዳር ነበርሁ፣
በሆቴሉ ምድር ቤት ስንት ፎጣ አጠፍሁ።
ባሕሩ በየዓመቱ እየሸሸ ሄደ፣
ሆቴሉ ግን ፎቁን በፎቅ ላይ ወለደ።
ለምን እንደሸሸ አልጠየቀም ማንም፣
እኔም አልጠየቅሁም፤
ፎጣው ግን በሰዓቱ ይቀየር ነበር ሁሌም።

በቀደም መጣልኝ የማስታወቂያው ሰው፣
ኢታማር፣ አዲስ ጫማውን ኖራ ያለበሰው።
የዋልያ ሥዕል አለው፣ ከስሩ ባዶ ስፍራ፦
«እዚህ ጋ ምን እንጻፍ፣ ሕዝቡን የሚጠራ?»
«ጻፍ» አልሁት፤ «ቀስ ብላችሁ ኑ፣
ጥቂት ጥቂት ሁኑ፣
ጠርሙስ የያዛችሁ ከነጠርሙሳችሁ ተመለሱ፣
ማደር ካሰኛችሁ ከሳልማን ድንኳን ድረሱ፤
ዳቦው የሚስቱ ነው፣ አይቡም የራሱ።»
ሳቀ። «ይሄማ ማስፈራሪያ እንጂ ማስታወቂያ አይደለም» አለ፤
ወረቀቱን ግን ትቶልኝ ሄደ፣ ጥጉ እንደተጠቀለለ።
እኔም በእስክሪብቶ፣ በአማርኛ፣ ያልሁትን ጻፍሁበት፣
ከትኬት ቤቱ ውጪ በምስማር ሰቀልሁት።

በዳስ በዓል ሰሞን፣ ልክ ሦስት መቶው ሲሞላ፣
ሰንሰለቱ ፊት ቆመ አውቶቡስ አንድ ሌላ።
ከቂርያት ጋት ናቸው፣ የአረጋውያን ማኅበር፣
ከፊት ከፊት የሚመራው አጎቴ አድማሴ ነበር።
«ፈንታዬ፣ ክፈቺው እንጂ! ሰው መጣ የራስሽ፤
ሃያ ስምንት ሽማግሌ ምኑን ይጎዳል ምንጭሽ?»
እጄ ሰንሰለቱን እንደያዘ ተንቀጠቀጠ፣
ዓይኔ ግን ዱካው ወዳለበት ጭቃ አመለጠ።
«አልችልም አጎቴ፣ ሞልቷል» አልሁ፤
ለታላቅ እንዲህ ያለ ቃል ገና ዛሬ ተናገርሁ።
ዝም አለ። በከዘራው መሬቱን ሁለቴ መታው፤
ተቆጥቶ ይሁን አላወቅሁም፣ ወይ እግሩን ደክሞት ነው።

ሳልማን ከማዶ ሆኖ እጁን አውለበለበ፣
ድንኳኑን ከፈተ፣ ምንጣፍ በምንጣፍ ደረበ፣
ሻዩ ላይ የበረሃ ቅጠል ጨመረ፤
አጎቴ በአማርኛ፣ እሱ በዓረብኛ፣ በተሰባበረ
ዕብራይስጥ መሃል ተገናኝተው
ስለ ፍየል በሽታ ወግ ተጀመረ።

አሥር ሰዓት ገደማ፣ ሰው ሲያልቅ ከበሩ፣
ነጩ ገደል አናት ላይ ቀንዶች ተደረደሩ፤
ወደ ኋላ የተለመጡ፣
አንድ በአንድ፣ ጠጠር እያንከባለሉ ወደ ውሃው ወረዱ፣ መጡ።
ከአፉ ሳይደርስ ቀረ የአጎቴ ሻይ፣
«እነሱስ ትኬት ቆርጠዋል?» አለኝ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ከላይ።

ሲመሽ ቆጣሪዬን ወደ ዜሮ መለስሁ።
ጠዋት ስመጣ ግን ትኬት ቤቱ ጋ ስደርስ ደነገጥሁ፦
ወረቀቱ ተቀዷል፣ ግማሹ ተበልቷል፣
በጥርስ የተነቀሰ ዳር ዳሩ ይታያል፤
«ኑ» የሚለው የለም፣ «ቀስ» የሚለው ቀርቷል።

ለኢታማር ደወልሁ።
«ማስታወቂያህን» አልሁት፣ «ባለቤቱ አርሞታል።»